አትቆፍሪም፤ ካልቆፈርሽም ትዘጊያለሽ

ሰኞ

ከለከሉኝ። ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ከጤና ጉባኤው ፊት ቆምኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው የአጥር ጎረቤቴ ባላምባራስ ወልዴ ነው። ከጠጅ ቤቴ ጓሮ የሽንት ቤት ጉድጓድ ላስቆፍር ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ቦታው ለባላምባራሱ አጥር ስለሚቀርብ አይፈቀድም ተባልኩ። ወዲያው ሌላ ውሳኔ ተነበበ፤ ሽንት ቤት የሌለው ጠጅ ቤት ሁሉ ቅዳሜ ይዘጋል። ታዲያ ጠጪውን ለሽንቱ ቦዲቲ ከተማ ድረስ ሮጠህ ተመለስ ልበለው?

ሌላ ቦታ የለኝም። ከፊት መንገድ ነው፣ ከጎን የሰው ግቢ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔንና ልጄን የሚያበላን ይኸው ጠጅ ነው። የባላምባራሱ ከብቶች እበት በአጥሩ ሥር እየሾለከ ጓሮዬ ሲገባ ግን ጉባኤውን አይሸተውም። ንዴቱ እራቴን ከለከለኝ።

ማክሰኞ

አንጁሎን አስጠራሁት። የጉኑኖ ገበሬ ነው፣ ጉድጓድ መቆፈር ያውቅበታል።

«እሜቴ፣ ፈቃድ አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። ዶማውን አስቀመጠ። «እኔን ያስራል» አለ። አስቆፋሪዋ እኔ ነኝ፣ የምታሰረውም እኔ ነኝ አልኩት። ጥቂት አሰበና መጀመሪያ የእንሰት ችግኞቹን ነቅሎ ወደ ዳር አዛወራቸው። «ኡታ ምን አጠፋ?» አለ፤ እንሰቱን ማለቱ ነው። ሳይመሽ ወገቡ ድረስ ወረደ።

ረቡዕ

የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ መጣ። ይደፈን ተብሏል አለ። አንጁሎ ወጣ፣ እኔ ገባሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ ጉድጓዱ ውስጥ ቆምኩና «ድፈነው፤ ከነእኔ ድፈነው» አልኩት። ደንበኛዬ ነው። «እትዬ በላይነሽ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ ኧረ ይውጡልኝ» እያለ ለመነኝ። አልወጣሁም። ሲታክተው ሄደ።

ከዚያ በኋላ መውጣት አቅቶኝ አንጁሎ ጎትቶ አወጣኝ። ፈርቼ ነበር፤ ለዚህ ወረቀት ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ሐሙስ

ባላምባራሱ ራሱ በበቅሎ መጣ። ከላይ ሆኖ ሊጮህብኝ አፉን ሲከፍት «በንጉሥ አምላክ» አልኩት። ይህን የተባለ ሰው መቆም ግዱ ነው፤ ወረደ። እንደ ሙግት ወጉ የነጠላዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ቋጠርኩና የሚዳኘን አላፊ መንገደኛ ልንጠብቅ መንገድ ዳር ቆምን። ሰዉ ይስቅብናል፣ ይሳቅ። ከተበላ ከተማ ማር ጭነው የመጡ አንድ ሽማግሌ ስናገኝ ይዳኙን አልናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ ስለ ጉድጓዱም ስለ እበቱም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

ባላምባራሱ «የጉባኤ ውሳኔ በመንገድ ዳር አይዳኝም» ብሎ ቢያበቃ ይረታኝ ነበር። ሙግት መውደዱ ግን አላስቻለውም። «ከበረቴ ወደ ግቢዋ ጠብታ ከወረደ በበቅሎዬ» ብሎ ተወራረደ። ተቀበልኩ። ሽማግሌው ተነሥተው በጓሮዬ በኩል በአጥሩ ሥር ሲሄዱ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እበት ውስጥ ገባ። በሣር ጠራረጉና «በቅሎውን ተረትተዋል» አሉት። እንደ ወጉ የተረታ ውርርድ የዳኛው ነው። ባላምባራሱ ልጓሙን ጨበጠ፣ ፊቱ ጠቆረ።

ሽማግሌው ግን ሳቁ። «በቅሎውን አልሻም። ቅዳሜ እዚሁ ቤት ሦስታችን እንጠጣና ትታረቃላችሁ። ዕርቁን ያፈረሰ ያን ጊዜ በቅሎ ይከፍላል።» ስለ ፈቃዱ ቃል አልተነፈሱም። ነጠላዬን ፈታሁ።

ዓርብ

ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። ባላምባራሱ ቀረ፤ ያለ እሱ አንወስንም ብለው ተበተኑ። አንጁሎ ጨርሷል። ግንድ ረበረበበት፣ ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል ጋረደው። ጠጁም ደርሷል። ነገ እከፍታለሁ። ከዘጉኝም ከፍቼ ይዝጉኝ።

ቅዳሜ

ከፈትኩ። ዘበኛው የመዝጊያውን ትእዛዝ ይዞ በር ላይ ቆመ። «ፈቃዱ ካለዎት ያሳዩኝ» አለ። የለኝም፤ እንግዶቼ ይጠጡና ትዘጋለህ አልኩት።

ሽማግሌውና ባላምባራሱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንድ ብርሌ፣ ሁለት ብርሌ። በሦስተኛው ላይ ባላምባራሱ መቁነጥነጥ ጀመረ። «ቤቴ ደርሼ ልመለስ» ብሎ ሲነሣ ሽማግሌው «የዕርቅ ጠጅ ሳያልቅ ከግቢ የወጣ ዕርቅ አፈረሰ ማለት ነው» አሉት። በሩን አየ፣ በቅሎውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በጣቴ ወደ ጓሮ አሳየሁት። ሄደ፤ ብዙም ቆየ።

ዘበኛው የእንሰት ቅጠሉን ሲያይ ቆይቶ ትእዛዙን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «የጉባኤው ሰው ከገቡበት እኔ ምን ብዬ እዘጋዋለሁ?» አለና ብርሌ ጠየቀኝ። ቀዳሁለት። የፈቃዱ ወረቀት ሰኞ ይሰጠኝ አይሰጠኝ አላውቅም። ዛሬ ግን እስኪመሽ ስቀዳ ዋልኩ።