ልዕልት ላልነበረችው እናቴ

እኔ ጡረታ የወጣሁት መምህርት እሌኒ ወርቁ፣ የደከመው ልቤ ነው እንጂ አእምሮዬ አልደከመም። ዛሬ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በምስክሮች ፊት የምናገረው የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ጸሐፊው አቶ ወንድይፍራው ናቸው። የሚያቋርጠኝ ካለ እሱም ይጻፍ ብያቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዘራችን። በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር ዘፋኝ የሆነችው ኤማ የሟቹ ወንድሜ የዳኜ የልጅ ልጅ ናት። ዳኜንም እኔንም የወለደችን ፋና ናት። ፋና ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጭቃ አቡክታ፣ ድስትና እንስራ ሠርታ፣ ገበያ አውጥታ ሸጣ አስተማረችን። ሰው እንስራዋን ይገዛል፤ እሷን ግን ከደጁ አያሳልፋትም ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ኤማ የዘሯን ታሪክ ከሚቀርጹ የቴሌቪዥን ሰዎች ጋር ወደዚህ ቤት መጣች። «የአያቴ እናት ማን ነበረች?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። አፌን ሳልከፍት ልጄ ፍሬአብ «ልዕልት ነበረች» አለ። የእናቴን እንስራ ከመደርደሪያ አውርዶም «የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው» እያለ ለካሜራው አሳየ።

ሰዎቹ ሲወጡ «ምን ነካህ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ኦኬ፣ ሪላክስ አድርጊ። የሮሐ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው።»

ሮሐ ልጁ ናት። አምሃ የሚባል ወጣት ሊያገባት ነው፤ ቤተሰቦቹም ዘራችንን ይጠይቁ ነበር። ፍሬአብ እነሱን ደስ ለማሰኘት እናቴን እንደገና ከደጅ አስቀራት፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቷ!

ሁለተኛ፤ እንስራው ለኤማ ይላክ። ከጆሮው ሥር የእናቴ አውራ ጣት ታትሟል። ኤማ የራሷን ጣት እዚያ ታሳርፍ። እውነቱን ሮሐ በእንግሊዝኛ ትጻፍላት።

ሦስተኛ፤ ይህ ቤት የፍሬአብ ነው፤ ዛሬ ከዚህ ወረቀት ግርጌ «የሸክላ ሠሪዋ የፋና የልጅ ልጅ» ብሎ ከፈረመ። ካልፈረመ፣ ቤቱ ዘሯን ጽፋ ለምትፈርመው ለሮሐ ይሁን።

አራተኛ፤ ወይዘሮ ዶርካስን ለምስክርነት የጠራኋት የአምሃ አክስት ስለሆነች ነው።

ፍሬአብ አቋረጠኝ፤ «እማዬ! ሆን ብለሽ ነው? ሰርጉን ካንስል ልታስደርጊው ነው?» አለ። ይጻፍ።

ወይዘሮ ዶርካስም «እትዬ እሌኒ፣ እኛ እኮ ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ ነገር አናይም» አለች።

«የማታዩ ከሆነ ለምን ጠየቃችሁ?» አልኳት። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። እሱም ይጻፍ።

ፍሬአብ፣ ተማሪ ሲሳሳት ደብተሩን ቀድጄ አላውቅም። ስሕተቱን አስምሬ መልሼ እሰጠዋለሁ። ላንተም አስምሬ ሰጥቼሃለሁ። አርም።

ተናዛዥ፦ እሌኒ ወርቁ፣ የሸክላ ሠሪዋ የፋና ልጅ። ፈርሜያለሁ።

ምስክርና ጸሐፊ፦ ወንድይፍራው ሀይለገብርኤል። ፈርሜያለሁ።

ምስክር፦ ዶርካስ ጢሞቴዎስ። ሰምቻለሁ፤ ፈርሜያለሁ።

ከዚህ በታች ያለው የጸሐፊው ቃል ነው። አቶ ፍሬአብ ስማቸውን ጻፉ። ቀጥሎ ወይዘሮ ዶርካስን አዩና የቀረውን ሳይጽፉ ብዕሩን አስቀመጡ። ሮሐ አነሣችው። «አንቲ ዶርካስ፣ ለአምሃ እኔ ራሴ ነው የምነግረው፤ እንዳትደውዪለት» አለች። አማርኛ መጻፍ ስላልለመደች እትዬ እሌኒ ፊደሉን አንድ በአንድ ነገሯት።

ሮሐ ፍሬአብ፣ የሸክላ ሠሪዋ የፋና የልጅ ልጅ ልጅ።

እትዬ እሌኒ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የሚታረም አላገኙበትም።