ኮሪደር ላይ የተጣሉት መዝገቦች

ጥቅምት 4
የሦስተኛ ክፍልን ስም ዝርዝር ገልብጬ ጨረስኩ። ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ የምሠራበት መዝገብ ቤት ብቅ አሉ። በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን በዓይናቸው ለኩት።
“ለትምህርት ቤቱ ስልሳኛ ዓመት በዓል የእንግዳ መቀበያ ያስፈልገናል። ይሄ አሮጌ ወረቀት ቦታ ይዟል።”
አሮጌ ወረቀት... እዚህ የተማረ ልጅ ሁሉ ስሙ ያለው እዚህ ነው። ታዲያ የማንን በዓል ነው የሚያከብሩት?

ጥቅምት 9
እማዬን ላሳክም አንድ ቀን ብቀር ጉድ ጠበቀኝ። መደርደሪያው ተነቅሏል። መዝገቦቹ ኮሪደር ላይ እንደ ማገዶ ተቆልለዋል። ጣሪያው የሚያፈሰው ደግሞ እዚያው ላይ።
“ምን ላድርግ እህቴ፣ አውጪ ተባልኩ፣ አወጣሁ” አለችኝ ጽዳት ሠራተኛዋ። እሷን ምን እላታለሁ?
ላስቲክ ፈልጌ አለበስኳቸው።

ጥቅምት 10
ዘነበ።

ጥቅምት 13
አንድ ሹፌር መጣ። ሃምሳን ያለፈ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ። ቤቱ ተቃጥሎ ወረቀቱ አብሮ ሄዷል። መሥሪያ ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ካላመጣህ ትሰናበታለህ ብሎታል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ “ከበዓሉ በኋላ ተመለስ” ብለው ሸኙት።
“እስከ መቼ ነው የሰጡህ?”
“እስከ ዓርብ።”
ቁልሉን አብረን ገለበጥን። አገኘነው። በላስቲኩ ሥር ውሃ ገብቶ ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ ለየኋቸው። ስሙ አለ። አማካይ ሰባ አንድ። ከጎኑ በአስተማሪው እጅ፣ “ጎበዝ ነው፣ ወሬ ያበዛል”። ሳቀ። ከዚያ ደግሞ አነበበው።
“ጎበዝ ብለውኝ ነበር ለካ...”
ማስረጃውን ያኔውኑ ጽፌ ሰጠሁት።
ከሱ በታች ያሉት አሥራ አራት ስሞች ግን ቀለማቸው ፈሷል። አንዱም አይነበብም። እነሱስ ሲመጡ?

ጥቅምት 14
ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። “አሥራ አራት ሰው ጠፍቶብናል” አልኳቸው። የበዓሉን መጽሔት እያረሙ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።
“ታሪኩን በጥሩ ወረቀት እያሳተምነው ነው።”
አየሁት። አርባ ገጽ። የሳቸው ፎቶ ብቻ አሥራ አንድ። የተማሪ ስም አንድም የለም። ደሜ ፈላ።
ለእማዬ ነገርኳት። “ዝም አይነቅዝም ልጄ፣ ሥራሽን አስቢ” አለችኝ። ዝም ባይነቅዝም ወረቀቱ ይሻግታል።

ጥቅምት 24
የበዓሉ ቀን። ማንንም አላስፈቀድኩም። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር አራት ዴስክ ግቢው በር አጠገብ አወጣን፤ መዝገቦቹን በየዓመታቸው ዘረጋናቸው። “ከተባረርንም አብረን ነን” አለችኝ።
መጀመሪያ የቆመችው ፀጉሯ የነጣ ነርስ ናት። ዓመቱን ነገረችኝ፣ ገለጥኩላት። የራሷን ስም አልፈለገችም። ጣቷ ሌላ ስም ላይ ቆመ።
“ወንድሜ ነው። በልጅነቱ ነው የሞተው። ስሙ የተጻፈበት ሌላ ቦታ የለም።”
ከዚያ ሰልፍ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ንግግሩ ለባዶ ወንበር ተደረገ አሉ። ርዕሰ መምህሩ እየተጣደፉ መጡ።
“ማን ፈቀደልሽ?”
ገጾቹን ዝናብ እንዳገኛቸው የነገርኳት ነርስ ቀደመችኝ። “እኛንስ ዝናብ ላይ እንዲጥሉን ለርስዎ ማን ፈቀደልዎት?”
ቆመው ሰልፉን አዩ... ተመልሰው ገቡ።

ኅዳር 26
ክፍሉ ተመለሰ። የቀድሞ ተማሪዎች ተሰብስበው ጠየቁ፤ እምቢ ማለት አልተቻለም። እዚሁ የተማረ አናጺ መደርደሪያውን ገጠመ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን አብረዋቸው የተማሩ አስታውሰው አስጻፉኝ። አምስቱ ቀሩ። ንዴቴ አልበረደልኝም፤ ለምን ይበርዳል?
ዛሬ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። “የትምህርት ቤቱን ንብረት ያለ ፈቃድ በማውጣትሽ” ይላል። ንብረት... ቢያንስ ንብረት መሆኑን አወቁ።
ፈርሜ ተቀበልኩ። ቁጥር ሰጥቼ የዘንድሮው ፋይል ውስጥ አስገባሁት፣ ማንም መጥቶ እንዲያነበው።