ስለ ባኩው ባቡር ያልነገርኩህ

ውድ ወንድሜ ሻህማር፣

ትናንት አርባህን አወጣን። ለሟች የሚሠራውን ጣፋጭ፣ ሐልዋውን፣ የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ትንሽ አረረብኝ። ከሻይ እርሻው የመጡት ሴቶች አለቀሱልህ። አሮጊቷ ማህሩ፣ «እጃችንን ያልጨበጠ የምክር ቤት ሰው የለም፤ መዳፋችንን ገልብጦ ያየ ግን እሱ ብቻ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ከተማችን ላንካራን የሚያወራልህ ይህን ነው። እኔ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ያኮረፍኩህ እህትህ ነኝና የምጽፍልህ ሌላ ነው።

እናታችን ስትሞት አንተ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ። አባታችንን ከዚያ በፊት ባሕሩ ወስዶታል። ቀን ሻይ እለቅማለሁ፤ ሲመሽ ፊደል አስቆጥርሃለሁ። ሩዙ ሲያንስ «ጠግቤያለሁ» ስልህ፣ «ውሸታም!» እያልክ ማንኪያውን ወደ አፌ ታመጣ ነበር።

ባኩ ገብተህ መማር ጀመርክ። ሃያ ዓመት ሲሞላህ ለእረፍት መጥተህ፣ «እታለም፣ አንቺ ለምን አላገባሽም?» ብለህ ጠየቅከኝ። ለማንም ትንፍሽ ያላልኩትን ነገርኩህ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ ለጎረቤት ትቼህ፣ ካሚል ከሚባል የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር ልጠፋ በባቡር ባኩ ድረስ ሄጄ እንደነበር፣ በማግሥቱም እንደተመለስኩ።

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?» አልከኝ።

«አንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አልኩህ።

ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ አለቀስክ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ልብ ወለድህ ወጣ። ተሸለመ፤ ፎቶህ ያልወጣበት ጋዜጣ አልነበረም። በዚያው ሰሞን፣ ሚስቱ የሞተችበት መምህር ናሪማን ቀለበት አድርጎልኝ ነበር። በአርባ ዓመቴ! ስዘፍን ጎረቤት ይስቅብኝ ነበር። ከዚያ ከተማው መጽሐፉን አነበበ። የባቡሩን ታሪክ ጽፈኸው ነበር፤ ስሜን ቀይረኸዋል፤ አረንጓዴ ካፖርቴን፣ ግንባሬ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ሰማያዊውን በራችንን ግን አልቀየርክም። የናሪማን እናት መጡና ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይቀምሱ፣ «ልጄ፣ ክፉ አልመኝልሽም። ግን ከሰው ጋር የጠፋች ሴት ለልጄ አትሆንም» አሉኝ። ቀለበቱን ራሴ አውልቄ ሰጠኋቸው። ናሪማን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር።

አንተም አበባ ይዘህ መጣህ። አልከፈትኩልህም።

«እታለም፣ ክፈቺ! ጀግና እኮ ነው ያደረግኩሽ!»

«ጀግና አድርገኝ ብዬ ለምኜሃለሁ?»

«እስኪ መጀመሪያ አንብቢው!»

«ከተማው አንብቦልኛል። ሂድልኝ!»

ሄድክ። ምክር ቤት ስትገባ በቴሌቪዥን አየሁህ፤ ስለ ሻይ ለቃሚ ሴቶች ስትናገር ሰማሁህ። በየዓመቱ ለኖቭሩዝ በዓል ትደውላለህ፤ እኔም «ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ዘንድሮ ድምፅህ ሻክሮ ነበር። «እታለም፣ ልምጣ?» አልከኝ። «ቤቱ እየታደሰ ነው» አልኩህ። አንድ ሚስማር እንኳ አልተመታበትም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፎቶህን ዜና ላይ አየሁት፤ ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ነበረው።

ባኩ ለቀብርህ መጣሁ። ሚኒስትሩም፣ ተዋናዩም፣ ተማሪውም ተሰልፏል። አንድ አስተናባሪ፣ «እማማ፣ ምኑ ነዎት?» አለኝ።

«አንባቢው ነኝ» አልኩት።

ወደ ኋላኛው ሰልፍ መራኝ። አንባቢህም አልነበርኩም። አንድ ገጽ አላነበብኩልህም ነበር።

መጽሐፉን ከቀብርህ ስመለስ ገዛሁት፤ ለመግለጥ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አልደፈርኩም። ሻህማር፣ እኔ እኮ ጭራሽ አላወቅኩም። በመጽሐፍህ ውስጥ እህትየው አትመለስም! ካሚልን ታገባለች፤ ትወልዳለች፤ ትስቃለች። ትታው የሄደችው ትንሽ ወንድሟ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገብቶ ያድጋል፤ ሲርበውም፣ ሲመቱትም «እንኳን ሄደች» ይላል። የእህቴን ዕድሜ የበላሁት እኔ ነኝ ብለህ እንደኖርክ ገባኝ። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እናታችን የሞተች ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

እንግዲህ እውነቱን ስማ። ስለ አንተ ብዬ አልተመለስኩም። ካሚል ባኩ ጣቢያ ሊቀበለኝ ቀጥሮኝ ነበር። ከጠዋት እስከ ምሽት ቆሜ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ቢመጣ ኖሮ እሄድ ነበር፤ አንተን ጎረቤት ቤት ጥዬ እሄድ ነበር። ጥሎኝ ቀረ ማለት አሳፈረኝና «አንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አልኩህ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር። አንተ ግን ያንን ተሸክመህ ሽማግሌ ሆንክ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት። አሁን በየት አፌ እላለሁ? ናሪማንን አሳጥተኸኛል፤ ያንን አልክድም፤ እስከ ዛሬም ያመኛል። ዕድሜዬን ግን አልወሰድክብኝም። ይህቺን ብነግርህ ኖሮ ቀሎህ ትኖር ነበር፤ እኔ ግን ኩርፊያዬን ሳስታምም ኖርኩ።

ሐሙስ መቃብርህ ዘንድ እመጣለሁ። ሐሙስ መቃብር የሚጎበኝበት ቀን ነውና ሰው ይበዛል፤ አበባ የሚያኖሩ አንባቢዎችህም አይጠፉም። ምኑ ነሽ ሲሉኝ እህቱ ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ ይህንን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ። ሁሉም ይስማ።

አንተን ጥላ ልትሄድ የነበረችው እህትህ፣
ፊራንጊዝ