ሦስተኛው እጅ

ውድ ኢድዋል፣

ገና በመጀመሪያው ቀን «አቶ ፓሪ ስትሉኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል» ብለው ስለከለከሉን፣ ዛሬም በስምዎ ብቻ እጠራዎታለሁ። ኔሪስ ቤቫን ነኝ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ከደቡብ ዌልስ ወደ እናንተ ተራሮች ለአምስት ቀን ኮርስ ከመጣነው የስፖርት ተማሪዎች አንዷ። ገመድ መዳፏን የላጠባት ልጅ። ያኔ ሁሉም «ምን ያለች ጀግና ናት!» ብሎ ያለቀሰላት።

ጀግና አልነበርኩም። ሎውሪ ፕሮሰር ከአለቱ ላይ የወደቀችው እርስዎ ስለተዘናጉ አይደለም። ሆን ብዬ ስለለቀቅኳት ነው። ይችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው።

አባቴ ያን ጊዜ ሰው ደብድቦ ታስሮ እንደነበር አያውቁም። ሎውሪ ታውቅ ነበር። «የወህኒ ቤት ዘር» ነበር የምትለኝ፤ በሜዳ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ስቃ ነው የምትለው፣ ደግሞ ጥርሷ ያምር ነበር።

ማክሰኞ ሐይቁ ላይ ያደረግነውን ልምምድ ያስታውሳሉ። ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ ከነራስሽ ትገለብጫለሽ፣ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቀሽ ሆዷን ሦስት ጊዜ ትደበድቢያለሽ፣ ከዚያ ይዘሽው ቀና እንድትይ ጓደኛሽ የራሷን ጀልባ አፍንጫ እስክታስጠጋልሽ ትጠብቂያለሽ። ጓደኛዬ ሎውሪ ነበረች። ተገለበጥኩ። ሦስት ጊዜ ደበደብኩ፣ ጠበቅኩ። እንደገና ደበደብኩ። እጄን ዘርግቼ የምዳስሰው ውሃ ብቻ ነው። ደረቴ ሊፈነዳ ሲል ከጀልባዋ ራሴን ቀድጄ አወጣሁ፤ አፌም አፍንጫዬም ውሃ ሞልቶ ብቅ ስል፣ ሎውሪ ሁለት ክንድ ርቃ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች።

«ምነው ቤቫን፣ ውሃ ጠማሽ እንዴ?» አለችኝ።

እርስዎ ያን ጊዜ በሌላው ዳርቻ ሌሎቹን ያለማምዱ ስለነበር አላዩም። ያዩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ እርጥብ ልብስ በሚሰቀልበት፣ እግር እግር በሚሸተው ክፍል ውስጥ። በላስቲክ ጫማ ፊቷን መታሁት። የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሷም ፀጉሬን በእጇ ጠቅልላ ግንባሬን ከማሞቂያው ቧንቧ ጋር አላተመችው። ዓይኔ ውስጥ ደም ገብቶ የት እንደምመታት እንኳ ሳላይ እመታ ነበር። በአንገትጌያችን ይዘው ያላቀቁን እርስዎ ነዎት።

«በቃ! ድመቶች ናችሁ እንዴ?»

«እሷ ናት የጀመረችው!» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

«ማን ጀመረ አላልኩም። መወልወያው ጥግ ላይ ነው፤ ደማችሁን ጥረጉ።» ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። «ይህን መዝገቡ ላይ ካሰፈርኩት ዛሬውኑ ወደ ቤት ትላካላችሁ፣ የፈተና ነጥባችሁም ገደል ገባ። ስለዚህ አላሰፍረውም። ነገ ግን ሁለታችሁ አንድ ገመድ ላይ ናችሁ። ሰላሳ ዓመት አይቻለሁ፣ አንድ ገመድ ላይ ተኳርፎ የቆየ ሰው የለም።»

ይህ የእናንተ የተራራ ሰዎች ስህተት ነው፣ ኢድዋል። ሌላ ሰው ቢሆን የተደባደቡትን ይለያል፤ እናንተ አንዷን በሌላዋ ሕይወት ላይ ታስሯታላችሁ። በክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሊያድኑን ነበር የፈለጉት።

ረቡዕ አለቱ ሥር ካፊያ ነበር። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ገመዱ ላይኛው ጫፍ ላይ ዞሮ ይመለሳል፣ በአንዱ ጫፍ የምትወጣዋ፣ በሌላው የምትይዛት፣ ከያዧ ጀርባ ደግሞ፣ እሷ ብትለቅ ገመዱን እንዲያስቆም ጭራውን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ። ሎውሪ ትወጣለች፣ እኔ እይዛለሁ፣ ሦስተኛው እጅ እርስዎ ነዎት። ለፈተና ነጥባችን የሚቀርጸን መምህራችን ትሬሃርን ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሊሸና ከአለቱ ጀርባ ሄዷል።

ሎውሪ ከባዱ ቦታ ላይ ደርሳ ጮኸች። «ቲቸር፣ እየቀረጽክ ነው? ይችን ድጋሚ አልሠራትም!»

ፊልም ከሌለ ነጥብ የለም። ወደ ድንጋዩ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«ኔሪስ፣ ይዘሻታል?»

«ይዣታለሁ።»

ጭራውን መሬት ላይ አስቀምጠው ካሜራውን አነሱ። ለእሷ ነጥብ ብለው ነው። ወዲያው እግሯ አዳለጣት፤ ገመዱ ተወጠረ፣ እኔም ያዝኳት። ይህን ነው ማንም የማያውቀው። በደንብ ይዣት ነበር። አየር ላይ ተንጠልጥላ ቁልቁል አየችኝ፣ በተሸረፈው ጥርሷ ሳቀች። «አደራ፣ የወህኒ ቤት ዘር» አለችኝ፣ እርስዎ እንዳይሰሙ በከንፈሯ ብቻ።

ከጀርባዬ ማንም እንደሌለ አውቄ መዳፌን ከፈትኩት።

ገመዱ ሲሮጥ ያወጣው ፉጨት ዛሬም ይሰማኛል። መሬት ልትደርስ ስትል ግን ፈራሁ፤ መልሼ ጨበጥኩት፤ ሥጋዬን ላጠው። ሁሉም ያለቀሰለት ቁስል ያ ነው። ዳሌዋ የአለቱን ጠርዝ ሲመታ የተሰማው ድምፅ እንደ ማገዶ ስብራት ነበር፤ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ካልሲዋን ቀዶ ወጣ። እርስዎ ሸሚዝዎን ቀድደው እግሯን ሲያስሩ ደሟ እስከ ክርንዎ ደርሶ ነበር። ደግሞ እኮ ዞር ብለው «አይዞሽ ኔሪስ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሉኝ።

ምርመራው ላይ «ሦስተኛው እጅ የት ነበር?» ብለው ጠየቁዎት። «ካሜራ ላይ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፈቃድዎ ተነጠቀ። ከአዳራሹ ሲወጡ የሎውሪ አባት በር ላይ ጠብቆ በቡጢ መንጋጋዎን ሰበረ። ሁለተኛውን ሲመታዎት እጅዎን እንኳ አላነሱም። በፋሻ የተጠቀለለ መዳፌን ይዤ ከአክስቴ መኪና ውስጥ በመስኮት አየሁ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። አልወጣሁም። ብናገር «የአባቷ ልጅ» እንደሚሉኝ አውቅ ስለነበር ነው። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በኋላ እኔም የስፖርት መምህርት ሆንኩ። ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ ቦታ ልይዝ ወደ አንድ የኮርስ ማዕከል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት፣ «አታስቢ፣ እኛ ጋ ሦስተኛ እጅ አይለቀቅም» አለኝ። «ድሮ ፓሪ የሚባል ዝርክርክ ሰው አንዲት ልጅ አሽመድምዷል አሉ። ለአዲስ አሠልጣኞች የምናስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው።» ስልኩን ዘግቼ የሎውሪን አድራሻ መፈለግ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ሎውሪ ቤት ሄድኩ። በዱላ ተደግፋ በሩን ከፈተች። ገና ደጃፉ ላይ ነገርኳት። በዱላዋ አፌን መታችኝ፣ ከዚያ ትከሻዬን፣ ከዚያ ስወድቅ ጀርባዬን። አልሸሸሁም። ሲደክማት ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አይቼሻለሁ እኮ» አለች። «እጅሽ ሲከፈት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር የሐይቁን ትናገሪያለሻ! ላሰምጥሽ ነበር እኮ ኔሪስ። ጀልባዋን ስትደበድቢ እየቆጠርኩ ነበር። በኋላ ደግሞ አባቴ ሰውዬውን መታው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልናገር?»

ሁለታችን ልንገዳደል ሞክረን ሳይሳካልን፣ ሁለታችንም በሰላም እንድንኖር እርስዎን ጣልንዎት። ይቅርታ የመጠየቅ ድፍረት የለኝም። ሰኞ ጠዋት ግን ይህንኑ ቃል ይዘን ወደ ፖሊስና ፈቃድዎን ወደ ነጠቀው ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። ለርዕሰ መምህሯ ነግሬያለሁ፤ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። ስምዎን ግን ከዚያ ትምህርት ውስጥ አወጣዋለሁ፤ በምትኩ የእኔ ይግባ።

ኔሪስ ቤቫን

ኢድዋል፣ ሎውሪ ነኝ። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። ይዛኝ ነበር፣ አየችኝ፣ ለቀቀችኝ፤ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ለአባቴ ነገርኩት። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። እርስዎን የመታበትን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያየው ተቀምጧል፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተነሳም።