ለየሺ መንደር ጀልባ ፕሮፔለር ስመርጥ

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡30። ደ/ታቦር

የወፍጮ ሞተር ፈትቼ ተቀምጫለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ። ስልክ። የጀልባ ኮሚቴው ነው። ስማ ደብተሬ፣ ኮሚቴ ነን ይላሉ። ሰባት ናቸው፤ ከሰባቱ አንዱም የሞተር ካንዴላን ከጧፍ አይለይም።

እህቴ የሺ ታች ፎገራ፣ ጣና ዳር ነው ያገባችው። ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ መንደሯ በውሃ ይከበባል። መኪና አይገባ፣ በቅሎ አይሻገር። ዓምና አንዲት ወላድ እዚያው ሞተች። ከዚያ ወዲህ ነው የብረት ጀልባ ከነሞተሩ የተገኘላቸው፣ ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት። ሥራው በሽተኛና ወላድ እስከ አስፋልቱ ማውጣት። የሺ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። ባይሆን ኖሮ ስልኩንም አላነሳም ነበር።

ሞተሩ ያቃስታል፣ ጀልባው አይሄድም አሉ። ፎቶ ላኩ። ፕሮፔለሩን፣ ማለት ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋውን ባለ ሦስት ክንፍ ብረት፣ ራሳቸው መርጠው ለውጠውታል። በምን መረጡ? በትልቅነቱ። ሊቀመንበሩ አቶ ፈንታሁን ክንፉ በሰፋ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል ብለው ወሰኑ። ዶሮም ክንፍ አላት።

ሰኔ 16፣ ሰኞ፣ ከሰ. 10፡00

ለአቶ ፈንታሁን በስልክ አስረዳሁ። ጊዜዬን ነው ያባከንኩት። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው የክንፉ ስፋት። ሁለተኛው፣ ዋናው፣ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚገፋ። የእነሱ 14 ነው። 14 ማለት አምስተኛ ማርሽ ነው። በአምስተኛ ማርሽ የጉናን አቀበት የሚወጣ አይሱዙ አይተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መኪና አልነዳም አሉኝ። ታዲያ ማን ሊቀመንበር አደረገዎ? ይህን በሆዴ።

ደግሞ ያ ሞተር የተሠራው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ጣና ከእኛ ዝቅ ቢልም ከፍታ ነው፣ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይደክማል። ስለዚህ ቁጥሩ መውረድ አለበት። አሰላሁ። ወላዷ፣ ባሏ፣ ነጂው። ሦስት ሰው። 12 ይበቃል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ማጽዳቱ ለእኔ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት። የሺ ቤት

12ቱን ከባሕር ዳር ገዝቼ መጣሁ። ገጠምኩ። ሞከርኩ። እኔ፣ አቶ ፈንታሁን፣ ነጂው አያ ደሴ። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ በደቂቃ 5,500፣ ልክ በልኩ። ጀልባው በረረ። ኮሚቴው ዳር ቆሞ አጨበጨበ። ጭብጨባውንስ ያውቁበታል።

አያ ደሴ ዕድሜያቸውን በደንገል ታንኳ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሞልተህ ሞክረው አሉኝ። ሦስት ሰው አይበቃም ወይ አልኳቸው። ወላድ ብቻዋን ትሄዳለች ወይ አሉ። ከባሏ ጋር ትሄዳለች አልኩ። ውሃው ላይ እንትፍ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሳር አስሮ የሚቀዝፍ ሰው ስለ ሞተር ሊያስተምረኝ።

የሺ ሆዷ ገፍቷል። እግሯ አብጧል። ፈራሁ ግን አላልኳትም።

ሰኔ 30፣ ሰኞ። ደ/ታቦር

ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ። ጉና ጠቁሯል። እዚህ የሚወርደው ነው ርብ ሆኖ እነሱን የሚከባቸው። አቶ ፈንታሁን ደውለው ጀልባችን ንፋስ ሆነ እያሉ መረቁኝ። በባዶው እየነዱት ነዋ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

አቶ ፈንታሁን ደውለው አሁን ዘጉ።

ትናንት የመጀመሪያዋን ወላድ ጫኑ። የሺ አይደለችም፣ ጎረቤቷ ናት። የሃያ ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሞተሩ እያቃሰተ፣ ጀልባው እንደ ግንድ። መሃል ውሃ ላይ ወለደች። ሁለቱም ተርፈዋል። በእኔ ብልሃት ግን አይደለም።

ስንት ሰው ጫናችሁ? አሥራ ሁለት። አበዳችሁ ወይ ብዬ ጮህኩ። አቶ ፈንታሁን ረጋ ብለው መለሱ፦ ተሸካሚዎቹን ምን እናድርጋቸው?

ቃሬዛ ያነሳ ሰው እኮ ሐኪም እጅ ሳያስረክብ አይመለስም። ውሃ ዳር አውርዶ ቢመለስ ጥሎ ሄደ ይባላል፤ ነገ ለእሱም የሚሸከም አያገኝም። ከአስፋልቱም ወዲያ እስከ ጤ/ጣቢያው መሸከም አለ። ስምንት ተሸካሚ፣ ወላዷ፣ ባሏ፣ አዋላጇ፣ አያ ደሴ። አሥራ ሁለት።

ማንም አልነገረኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ደብተሬ፣ ወደ ላይ ገልጠህ ሰኔ 21ን እይ። ተነግሮኛል።

ይባስ ብሎ እኔው የጉና ልጅ ነኝ። አባቴን ወደ ደ/ታቦር ስናወርድ ቃሬዛው ሥር ነበርኩ። አሥራ ስድስት ነበርን። ገሳይ ከተማ ደርሰን መኪና ስናገኝ አንድ ሰው አልተመለሰም፤ አሥራ ስድስታችንም አይሱዙው ላይ ተሳፈርን። ትከሻዬ ላይ ጠባሳው አለ። ከሂሳቤ ግን አወጣሁት። የትኛው ነው ደንቆሮ፣ አቶ ፈንታሁን ወይስ እኔ? እሳቸውስ ማርሽ አለማወቃቸው ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አያ ደሴን በስልክ ይቅርታ ጠየቅሁ። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ መራራ ነገር አልዋጥኩም። ስንት ሰው ልቁጠር አልኳቸው።

"ለቀብር ሲሆን ከዚያም ይበዛል" አሉ። "አንተ ግን ለሚወልዱት ቁጠር፤ አሥራ ሁለት።"

9ኙን ገዛሁ፣ አንደኛ ማርሽ። ባዶውን ይጮኻል፣ ይንቀረፈፋል። ኮሚቴው ያማርራል። ያማርር።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ፣ ከሰ. 9፡00። የሺ ቤት

አያ ደሴ አስፋልቱ ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። 9ኙን ገጠምኩ። ስምንቱን ተሸካሚዎች በስማቸው ጠሩልኝ። የሺ እኔ ልተኛበት ብላ ቃሬዛው ጋ ቀረበች፤ ሴቶቹ ተቆጧት፣ ሟርት ነው። በእሷ ፋንታ አንድ ጆንያ ሩዝ አስተኛን። አዋላጇ ገባች። በባሏ ቦታ እኔ። አሥራ ሁለት።

ዙር ቆጣሪው 5,200። ሃያ አምስት ደቂቃ። አላቃሰተም።

አቶ ፈንታሁን ከነጃንጥላቸው ዳር ቆመው ጠበቁን፤ የበፊቱ ይፈጥን ነበር አሉ። ወላዷ የተጫነች ቀን እርስዎ ስላልተሳፈሩ ነዋ ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አፌን መዝጋት አልለመድኩም፣ መንጋጋዬን አመመኝ።

የሺ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ "እኔ የምጫን ቀን አንተ የት ቆመህ ታየኛለህ?"

ደ/ታቦር ወፍጮው እንደተፈታ ነው። ይቆይ፤ እስክትወልድ አልመለስም። ዳር ቆሜም አላያትም፤ ቃሬዛው ሥር ነኝ፣ ዘጠነኛ።

ባሏም አይቀርም። ስለዚህ አሥራ ሦስት ነን። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በአሥራ ሦስት ሰው እንደገና እሞክራለሁ።