ባዶው ወርቅ ላይ ያየሁት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጥዋት 3 ሰ.

መብራት እንደገና ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራተኛው መሆኑ ነው። ማሽኑ ውስጥ የገባው አየር ተመጥጦ እስኪወጣ ነገም ሥራ የለም። ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ፣ ደብተር። ሌላ የምሠራው የለኝም።

ዲፌንሴ፣ የዶክትሬቴ የመጨረሻ ፈተና፣ ኅዳር 29 ነው። የስድስት ዓመት ልፋት ፈታኞች ፊት በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አባባ መካነ ብርሃን ላሉት ዘመዶች ሁሉ ነግሯል። እሱ የደብራችን መሪጌታ ነው፤ ልጁ ዶክተር ስትባል በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ትናንት እራት ላይ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው አለኝ። አየን የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሞለኪውል ወርቅ ላይ እተኩሳለሁ፤ ነጥሮ ሲመለስ እመዝነዋለሁ አልሁት። በኃይል ቢመታስ አለ። በኃይልማ ወርቁን ይቆፍረዋል። በዝግታ ሲሆን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነክቶ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ተሰብሮ፣ አንዳንዴ ካገኘው ነገር ቆንጥሮ ይዞ። ራሱን ነቀነቀ። ገብቶት ይሁን አዝኖልኝ፣ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት 9 ሰ.

መብራት አለ። ፓምፑ ይጮኻል። ራሴን ያመኛል።

ስላይዶቼን ከለስሁ። ዋናው ግኝት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ወርቁ ላይ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው፣ ፍሎሪን ያለበት ስስ ልባስ አለ። 80 መዝኖ የሄደው አየን 81 ሆኖ ይመለሳል፦ አንድ ሃይድሮጂን ቆንጥሮ። 95 የሚመዝንም አለ፦ አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጂን ጋር ይዞ። ሃይድሮጂን ካለበት ከልባሱ የታችኛው ክፍል ነው የወሰደው ብለን ጽፈናል፣ እኔና አማካሪዬ ዶ/ር ይርጋ። አንድ የውጭ መጽሔት ተቀብሎታል። ገና አልታተመም።

ጥዋት፣ ፓምፑ ሳይነሣ፣ አያ ሞላ የማሽኑን ክዳን ከፍቶ ውስጡን በጨርቅ ጠረገ። ማሽኑን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጨርቁን አስሸተተኝ። የፓምፕ ዘይት ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ተንኖ ወደ ውስጥ ይገባል ይለኛል። አምናም ብሎኛል። እሺ አያ ሞላ እያልሁ አልፌዋለሁ።

ዘይት ምንድን ነው? ካርቦንና ሃይድሮጂን።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት 8 ሰ.

ሚካኤል ነው። አባባ ቤ/ክ ነው። ግቢው ጭር ብሏል፤ አያ ሞላ ብቻ በሩን ከፈተልኝና ወደ ንግሡ ሄደ።

ገና በመጀመሪያው ዓመት ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አደረግሁ። ምንም ያልተቀባ ወርቅ አስገባሁ። ልባስ የለ፣ ፍሎሪን የለ። ወርቅ ብቻ። ወርቅ ሃይድሮጂን የለውም። ከእሱ የሚቆነጠር ነገር የለም።

ተኮስሁ።

81 አለ። 95 አለ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። ከዚያ እንደገና አበራሁና ደገምሁት። ያው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጥዋት 4 ሰ.

ጾም ገባ። ለማንም አልተናገርሁም። ቅዳሜም ሞከርሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ ሦስት የተለያየ ወርቅ። ከሁሉም ላይ አየኑ ዘይት ይዞ ይመለሳል። ስድስት ዓመት የለካሁት የፓምፑን ትንፋሽ ነው።

ፒያሳ ድረስ በእግሬ ወርጄ ያለ ጉዳይ ተመለስሁ። አንዲት የተማሪ ቤት ጓደኛዬ አግኝታኝ፣ ዶክተር ብላ ጠራችኝ። ሳቅሁላት። ፊቴ ደከመኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከሰዓት 10 ሰ.

ለዶ/ር ይርጋ ነገርሁት። ግራፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለ መሣሪያ፣ ያለ መለዋወጫ ስንት ተማሪ ያስመረቀ ሰው ነው። እሱም ደክሞታል።

“ማን ያውቃል?”

“እኔና እርስዎ። አያ ሞላም ሳይጠረጥር አልቀረም።”

“ፈታኞቹ ይኸን አይጠይቁሽም። ተመረቂና በኋላ ማረሚያ እንጽፋለን።”

በኋላ መቼ ነው አልሁ። መነጽሩን አደረገ። ያልተቀባው ወርቅ ውጤት ስላይዱ ውስጥ ባይገባ ይሻላል አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልመና።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጥዋት 5 ሰ.

አላስገባሁትም። ስላይዶቹ አምረዋል። ሦስተኛውን ገጽ ጮክ ብዬ ተለማመድሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

አያ ሞላ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰማኝ። “ምነው ልጄ፣ ከስተሻል” አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ከሰዓት 9 ሰ.

አባባ ከማኅሌት መጥቶ ጥቂት አረፈ። ሲነሣ፣ ምን ሆነሻል አለኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር። ነገርሁት፣ በሚገባው ቋንቋ፦ ከልባሱ ያገኘሁት የመሰለኝ ከልባሱ አይደለም፤ ማሽኑ ቆሽሾ ነው። ጽሑፉ ሊወጣ ነው። ዝም ካልሁ ማንም አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “የሚያነቡት ሰዎች ምን ያደርጉበታል?”

“ሥራቸውን እሱ ላይ ይጀምራሉ።”

“ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል?”

እንጃ አልሁ። ግን አውቃለሁ።

ስልኩን አነሣ። መካነ ብርሃን ለአጎቴ ደወለ። “አያ ፈንቴ፣ ለሃያ ዘጠኝ እንዳትነሡ። የልጂቱ ቀን ተዛውሯል። ሥራዋ ላይ ስሕተት አግኝታ ራሷ እያረመችው ነው።” እንዲሁ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ።

አባባ፣ እኔ እኮ ገና አልወሰንሁም አልሁት። የዘመዶቹ ስልክ ከተጻፈበት ወረቀት ላይ የሚቀጥለውን ቁጥር እየፈለገ ነበር። ዓይኔ አልያዘልኝም፣ አንብቢልኝ አለ። አነበብሁለት። የሚቀጥለውንም።

ከዚያ ላፕቶፔን ከፈትሁ። ለመጽሔቱ አምስት መስመር ጻፍሁ፦ ጽሑፉን እንዲያቆሙት፣ ለምን እንደሆነ፣ የባዶውን ወርቅ ውጤት አያይዤ። ለዶ/ር ይርጋ ግልባጭ አደረግሁ። ሰኞ ሲያየኝ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ምናልባት ምንም።

ላክሁት። ዲፌንስ የለም። መቼ እንደሚኖርም እንጃ። እንቅልፌ መጣ፣ ከስንት ቀን በኋላ።

አባባ ገና ስልክ ላይ ነው። አክስቴ አላነሣችም፤ ቁጥሩን ደግሜ እንዳነብለት እየጠራኝ ነው።