ብረት ለበስህ እስከ ኒሙ ዛፍ ሄደ

የኔ ጌታ ተሾመ፣

ከደጃችን ከተሸኘህ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ትናንት አወጣን። እንግዳው ተሸኝቶ፣ የተዋስነው ድስት ለባለቤቱ ተመልሶ፣ ግቢው ጭር ሲል ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። የእጅ ጽሑፌ አሁንም መስመር አይጠብቅም፤ አንተ ግን አንድም ቀን ስቀህበት አታውቅም።

መጀመሪያ የሚያስጨንቅህን ልንገርህ። ብረት ለበስህ አልተሸጠም፣ አልተቆረጠም። ግቢው መሃል አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። እንዴት እንደተረፈ ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

እዚህ ሳቢያን ሰፈራችን የመጣበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከሁርሶ ጦር ሰፈር መካኒክነትህ በጡረታ በተሰናበትክ ማግስት ይመስለኛል፤ እንዲያ ነበር የቸኮልከው። ሎቤድ በሚሉት ዝቅ ያለ ተሳቢ ላይ ተጭኖ ሰፈሩን እያንቀጠቀጠ መጣ። የሶቪየት ሥራ ነው፣ ወታደር ያመላልስ ነበር፣ መሣሪያው ተነቅሎ በቁርጥራጭ ብረትነት በጨረታ የወጣ ነው ብለህ ለቀበሌው ሰው ወረቀት ስታሳይ፣ እኔ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሰው ለምንህ ነው ሲልህ፣ አንዳንዱ እርግብ ያረባል፣ እኔ ደግሞ ይሄን እጠግናለሁ ትል ነበር። የባጃጅ ሹፌሮቹ ቤታችንን «ታንኩ ጋ» ማለት ጀመሩ። ታንክ እንዳልሆነ ስታስረዳቸው ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም «ታንኩ ጋ» ነው የሚሉት።

በዚያ ብረት ላይ ብዙ አጉረምርሜያለሁ። ግን ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከመጋላ ገበያ የምትገዛው ብሎን፣ ከየጋራዡ የምትለቅመው ዕቃ ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር። አንተ ዕቃውን ይዘህ ወደ ግቢ ስትወጣ እኔ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ዘይት ያልነካውን ፊደል እየለየሁ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን አየኸኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን እዚያው ሱቅ ፈትተህ፣ ጋዜጣውን ዘይት ሳይነካው በደረት ኪስህ አጥፈህ ታመጣልኝ ጀመር። ብሎኑ በሱሪህ ኪስ እየተንኳኳ፣ ጋዜጣው እንደ ደህና ዕቃ ደረትህ ላይ። ሳታሳፍረኝ አንባቢ አደረግከኝ። በጊዜው እግዜር ይስጥልኝ አላልኩህም፤ አሁን ልበልህ። እግዜር ይስጥልኝ ተሾመ።

ልቤ ውስጥ ተቀምጦ የቆየውን ግን አንተም ታውቀዋለህ። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ነው። እጅህን ደጋግመህ ታጠብክ። ነጩን አንሶላዬን ከጎንህ ባለው ወንበር ላይ አነጠፍክና፣ ነይ ውጪ፣ ግቢው ጫፍ እስካለው ኒሙ ዛፍ ደርሰን እንመለስ አልከኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» ብዬህ ቤት ገባሁ። በመስኮት አየሁህ። ብቻህን እስከ ኒሙ ዛፍ ሄድክ፣ ብቻህን ተመለስክ፣ አንሶላውን አጥፈህ ሰጠኸኝ። አላኮረፍክም። ደግመህም አልጠየቅከኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ እል ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ያረፍክ ዕለት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡና ብረቱን ግቢው መሃል አገኙት። የሚነቃነቅ መስሏቸው ገፉት። ሲያቅታቸው ድንኳኑን በላዩ ተከሉት። ስለዚህ ልቅሶህ ላይ ከሁላችንም መሃል የተቀመጠው እሱ ነበር። ሴቶቹ በጎማ ፈንታ የሚሄድበትን ሰንሰለት ተደግፈው አለቀሱልህ። ከመጋላ የመጡት ሽማግሌዎች ጫማቸውን ከሥሩ ደረደሩ። አንዱ ደግሞ የውሃውን ጆግ አፍንጫው ላይ አስቀመጠው። ብታይ ትስቅ ነበር።

ከአርባህ በኋላ ልጃችን ሰናይት ይሸጥ አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ከዝገትና ከእባብ ጋር ብቻዬን እንዳልቀር ፈርታ ነው። ብረት የሚገዛው ሰውም መጥቶ ዙሪያውን አይቶ፣ በጋዝ ቆራርጬ እወስደዋለሁ አለ። እኔ ለመንኳት። በመጨረሻ ተስማማን፤ እስከ ሙት ዓመትህ ሞተሩ ተነስቶ በራሱ ከሄደ ይቀመጣል፣ ካልሄደ ይቆረጣል።

እኔ ምን አደረግኩ መሰለህ? አጠብኩት። ጥቁር የሚያጣብቅ እድፍ ባየሁበት ሁሉ በናፍጣና በሳሙና ፈገፈግኩ፤ የሰንሰለቱን መጋጠሚያ በጥርስ ብሩሽ ሳይቀር። ሲያብረቀርቅ ደስ አለኝ፣ አንተንም ያስደሰትኩህ መሰለኝ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጥቂት ሳይቆይ ሰንሰለቱ ቀይ ዝገት ለበሰ፣ መጋጠሚያውም ደርቆ አልታጠፍ አለ። ለካ ያ እድፍ አንተ በየእሑዱ ተንበርክከህ የቀባኸው ግሪስ ነበር።

አብሮህ ይሠራ የነበረውን አስር አለቃ ኢብራሂምን ጠራሁት። ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «እትዬ አስናቀች፣ ይሄን እኮ ለቀብር ነው ያጠብሽው፣ ወላሂ» አለኝ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና አፉን ያዘ። እኔ ግን ሳቅኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። እሱም፣ አቦ ይቅር በይኝ፣ እያለ አብሮኝ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ፀሐዩ ብረቱን ሳያግለው፣ ሁለታችንም ከሰንሰለቱ ሥር ነበርን። እሱ መጋጠሚያውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፣ እኔ ከጋራዡ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ አጠጣለሁ። አንዱ ሲላላ ወደሚቀጥለው። ጣቶቼ እንደ ጣቶችህ ጠቆሩ። ያ ጥቁረት በሳሙና እንደማይለቅ አሁን አውቄዋለሁ፤ ፎጣ አቆሸሽክ ብዬ ስንት ዓመት የነዘነዝኩህን ተወው።

ሰንሰለቱ ላላ፤ ሞተሩ ግን ሞክረነው ሞክረነው እምቢ አለ። ብረት ገዢው ከድግሱ ማግስት እንዲመጣ ተነግሮት ነበር። ከትናንት ወዲያ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ኢብራሂም የጭነት መኪና ባትሪ ተውሶ መጣ። ውስጥ ገብቶ ዘይቱ ወደ ሞተሩ እስኪወጣ ጠበቀ። ሰናይት እጄን ያዘችኝ፤ መሸጡን የፈለገችው እሷ፣ እጄን አልለቅ ያለችውም እሷ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጠፋ፣ እንደገና ጮኸ፤ ጥቁር ጭሱን ሽንኩርቱ ላይ ለቀቀና ተነሳ። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን አበሱ፤ በሽንኩርቱ ይሁን በጭሱ ወይም ባንተ እንጃ።

ቤት ገብቼ ያንኑ ነጭ አንሶላ አወጣሁ። ወንበሩ ላይ አነጠፍኩና ወጣሁ፤ ሰናይት ከታች ደገፈችኝ። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ሥራ ውለህ ስትገባ የምትሸተውን ይሸታል። ከየቆጣሪው ሥር በነጭ ቀለም ዘይት፣ ሙቀት፣ ናፍጣ ብለህ ጽፈሃል። ሁሉንም አነበብኳቸው። ከዚያ ሄድን። ቀስ ብለን እስከ ኒሙ ዛፍ ደረስን፤ ኢብራሂም አንዱን ሰንሰለት በፍሬን ይዞ በሌላው አዞረውና ተመለስን። ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው የሸሹን።

ሰው ምን አለኝ መሰለህ? ጎረቤታችን ሐዋ ቢላዋዋን እንደያዘች ጠጋ ብላ፣ «ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለች። ሌላ ማንም ምንም አላለኝም። ስንት ዓመት የፈራሁት ሰው ይሄ ነበር።

ብረት ገዢውን ሰናይት ራሷ ደውላ አትምጣ አለችው።

በሕይወት እስካለሁ እሑድ እሑድ ግሪሱን እቀባዋለሁ፤ ሲያቅተኝ ሰናይት ትቀባዋለች፣ እያየች ለምዳለች። በእያንዳንዷ መጋጠሚያ ስምህን አነሳለሁ። አንሶላውን አጥፌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ግሪስ የነካው ጣቴ አርፎበታል። አላጥበውም።

ያንተው አስናቀች